ማሽኑ «ደህና ነው» ካለ መድኃኒቱ ለምን?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። የ7 ዓመት ልጅሽን ሁለቴ ጥሏታል፤ ትኩሳትም አልነበራትም። ኢኢጂ የሚባለውን የአንጎል ምርመራ ተነሳች፣ ውጤቱ ደህና ነው ተባለ። ዶክተሩ ግን የሚጥል በሽታ ነው ብሎ መድኃኒት ጀመረላት። «ማሽኑ ያላየውን እሱ ከየት አመጣው?» ነው ያልሽው። እኔም እዚሁ ባሕር ዳር ነኝ። ልጄ መድኃኒት ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። ሐኪም አይደለሁም፣ የማውቀውን ልንገርሽ።

ከየት አመጣው? ካንቺ ነዋ! ይህ በሽታ በዋናነት የሚታወቀው ያየው ሰው በሚናገረው ነው። ያለ ትኩሳትና ያለ ሌላ ግልጽ ምክንያት፣ ከ24 ሰዓት በላይ ተራርቆ ሁለት ጊዜ ከጣለ ሐኪሞች የበሽታውን ስም ለመስጠት ይበቃቸዋል። ኢኢጂ የሚያነበው የአንጎልን ኤሌክትሪክ ነው፤ ያውም ሽቦው ራሷ ላይ በተለጠፈባት በዚያች ግማሽ ሰዓት ገደማ ብቻ። ጣናን ጠዋት ፎቶ ብታነሺው መስታወት ነው፤ ከሰዓት ሲናወጥ ግን የጀልባ ሰዎቹን ጠይቂ። ሲቲ ስካን ደግሞ የሚያሳየው የአንጎልን ቅርጽ ነው። የብዙ ልጆች ቅርጹ ምንም የለበትም፣ ግን ይጥላቸዋል። ስለዚህ ዶክተሩ አልተሳሳተም ባይ ነኝ።

ለዚህ ነው ሐኪሙ ጥያቄ የሚያበዛብሽ። በየትኛው እጇ ጀመራት? ዓይኗ ወዴት ዞረ? ሽንቷ አመለጣት? ስንት ደቂቃ ቆየ? ሲለቃት ተኛች ወይስ ወዲያው ነቃች? እንደገና ከመጣባት አንድ ሰው አጠገቧ ሆኖ ይጠብቃት፣ ሌላው በስልክ ቪዲዮ ይቅረጽ። ለቀጠሮ ከዚህ የተሻለ ይዘሽ የምትሄጂው ነገር የለም። በጨዋታ መሃል ለጥቂት ሰከንድ ፍዝዝ ብላ፣ ስትጠሪያት የማትሰማሽ ጊዜ ካለም ተናገሪ። አስተማሪዎች «ልቧ እዚህ የለም» ብለው የሚቆጧት ልጅ አንዳንዴ ይኸው ነው ችግሯ።

ሲጥላት በጎኗ አስተኚያት፣ ከራሷ ስር ልብስ አድርጊ፣ ሰዓት ተመልከቺ። ማንኪያ አፏ ውስጥ አይግባ። ክብሪት የሚጭር ጎረቤት አይጠፋም፤ ጭሱ አይጠቅማትም፣ እሳቱ ግን ሊያቃጥላት ይችላል። በትህትና መልሺው። 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳትነቃ ከደገማት ባጃጅ ጥሪና ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል፣ ወደሚቀርብሽ ሩጪ። ከአፏ የሚወጣውን አረፋ በመንካት በሽታው የሚጋባበት ሰውም የለም። ይህን ለአያቶቿ ደጋግመሽ ንገሪ፤ አንዴ ተነግሯቸው አይተዉትም!

ጠበል ትወስጂያት እንደሆነ ጠይቀሻል። ውሰጂያት፣ እኔም ወስጃለሁ። ኪኒኑም አብሮ ይሂድ። በአንዴ የተቋረጠ መድኃኒት የማያቆም መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል፤ እኔን የሚያስፈራኝ ከበሽታው ይልቅ ይሄ ነው። ሳያልቅም ግዢ፤ ፋርማሲ «የለም፣ ነገ ነይ» ሲል ቤት ውስጥ ጥቂት ቀን የሚያዘልቅ ይኑርሽ። መጀመሪያ ላይ እንቅልፍ ሊያበዛባት ወይም ሊያነጫንጫት ይችላል። ሽፍታ ካየሽ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሐኪም ዘንድ ውሰጃት።

ዕድሜ ልክ ነው ወይ ላልሽው፣ የግድ አይደለም። መድኃኒቱን በሥርዓት ከሚወስዱ 10 ሰዎች እስከ 7ቱ ከመውደቅ ያርፋሉ። አንዳንድ ልጆች ደግሞ 2 ዓመት ያህል ሳይጥላቸው ከቆዩ በኋላ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይቀንስላቸዋል። ቀናሹ እሱ ይሁን፣ እኛ አይደለንም።

ትምህርት ቤት ትሂድ፣ ትሩጥ፣ ትጫወት። ምድጃ አጠገብ ግን ብቻዋን አትሁን። ሐይቁም ውስጥ እንደዚያው፤ ከገባች ዋና የሚችልና በሽታዋን የሚያውቅ ትልቅ ሰው ክንድ በሚደርስበት ርቀት ይኑር። የክፍል አስተማሪዋ በጎን ማስተኛቱን እስኪያውቅ ድረስም በትምህርት ቤቱ ሽርሽር ወደ ጣና ዳር አትልኪያት።