ደብተሩን ማን ያየዋል?

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት የእንስሳት ሐኪም ከፎገራ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ገበሬው ለከብቱ መለያ የሚሆን የጆሮ ቁጥር አላስደርግም አለ። እንዴት ላሳምነው?» መልስ ሳልሰጣት ስልኩን ዘጋሁት። ኔትወርክ ነው ብላ ይሆናል። አልነበረም።

በ1981 ዓ.ም. ጢሜ በቅጡ ሳይወጣ፣ የደስታ በሽታ ክትባት ይዤ ጉማራ ወንዝ ጣና ወደሚገባበት ዳር ተላክሁ። ስሙ አይሸውዳችሁ። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ገብቶ የአገሩን በሬ የፈጀው፣ ክፉ ቀንን ያመጣው ይኸው ደስታ ነው። የተከተበው ከብት እንዲለይ ጆሮውን እንበሳለን። የባለቤቱን ስምና የከብቱን ብዛት ደግሞ ሰማያዊ ደብተር ላይ እጽፋለሁ።

አንዲት እናት ሰባት ላም ነበራቸው። ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ፣ ጡታቸው የሞላ የፎገራ ላሞች። ዛሬ ያ ሁሉ ግጦሽ ሩዝ ሆኗል። መበሻውን ሳነሳ እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ደብተሩን ማን ያየዋል?»

«ከእኔ በቀር ማንም።» በጊዮርጊስ ማልሁላቸው። ከልቤ ነበር፤ ደብተሩ የእኔ መስሎኝ።

ከወራት በኋላ አንድ መሥሪያ ቤት መዋጮ በከብት ብዛት ደለደለ። ዝርዝሩን ገልብጬ የሰጠሁት እኔው ነበርሁ። ለምን እንደፈለጉት እንኳ አልጠየቅሁም። እኚያ እናት ሁለት ላም ሸጡ።

እናንተ የዛሬ ሐኪሞች ቁጥሩን ልትመዘግቡ ታብሌት ይዛችሁ ትሄዱና ገበሬው እንቢ ሲል «ግንዛቤ መፍጠር» ትላላችሁ። ቃሉ ራሱ ያናድደኛል። አሜሪካም ከብት አርቢው ስለተቃወመ መንግሥት አገር አቀፉን የመለያ ዕቅድ እ.ኤ.አ. በ2010 ትቶታል። መረጃው ማን እጅ ይገባል፣ ወጪውንስ ማን ይችላል ነበር ጥያቄያቸው። በ2024 ግን ከግዛት ግዛት ለሚሻገሩ የተወሰኑ ከብቶች ኤሌክትሮኒክ የጆሮ ምልክት ግዴታ ሆነ። ክርክሩ አሁንም አለ።

እኔ ቁጥሩን እደግፋለሁ። በሽታ ሲነሳ ከየት ገበያ እንደመጣ ካልታወቀ በጨለማ መሮጥ ነው። የራሴ ላም ብትሆን ግን አስደርግ ነበር? እንጃ። ስለዚህ ልጄ፣ ከማሳመንሽ በፊት ቢሮ ግቢና ዝርዝሩ የት እንደሚሄድ ጠይቂ። ካልነገሩሽ አትማዪ።

በሚቀጥለው ዙር ተመልሼ ሄድሁ። ክትባቱን በጥብጬ ጠበቅሁ፤ አንዴ ከተበጠበጠ ውሎ አያድርም። እኚያ እናት አንዲት ጥጃ ብቻ እየጎተቱ መጡ። ሌሎቹስ ስላቸው «አለቁ» አሉኝ። ወዲያው ከደንገሉ ውስጥ «እምቧ» የሚል ድምፅ መጣ። ዞር አልሁ። እሳቸው ዓይናቸውን ከዓይኔ ሳይነቅሉ፦

«ጉማሬ ነው፣ ልጄ።»

«አዎ፣ ጉማሬ ነው» አልሁ። ጥጃዋን ከተብሁ፤ የተረፈውን ደፋሁት።