ሳታዩት አትፈርሙ

በጅማ የመንግሥት ቤቶች ሥራ ለምትጀምሩ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የጨረስኩት በቀበሌ ቤትና በማኅደር መካከል ነው። አንዳንዶቻችሁ ቤቴ ድረስ መጥታችሁ ሥራው ምን እንደሚፈልግ ጠይቃችሁኛል። ሕጉን አንብባችሁ ትደርሱበታላችሁ። እኔ አጥብቄ የምነግራችሁ ቤቱን በዓይናችሁ ሳታዩ በማኅደሩ ብቻ እንዳትወስኑ ነው።

ታሪኩን ካላወቃችሁ ግን ብታዩትም አይገባችሁም። በ1967 በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት የኪራይ ቤቶችን ለሚያስተዳድረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተሰጡ። ኪራዩም ተቀነሰ። ለድሃው ትልቅ እፎይታ ነበር። ነገር ግን ኪራዩ ለብዙ ዓመታት እዚያው ላይ ቆሞ ቀረ፤ ከአንድ ቤት የሚሰበሰበው ገንዘብ ቆርቆሮ መቀየር አቃተው። የጅማን ክረምት ደግሞ ታውቁታላችሁ። የጭቃ ግድግዳ ከግርጌው ይበላል፣ ምርጉ ይረግፋል፣ ማገሩ ይወጣል። ስለዚህ ተከራይ «ቤቱ ሊወድቅብኝ ነው» ብሎ ሲመጣ፣ በእሱ ቸልተኝነት ነው ብላችሁ አትነሱ።

ስትሄዱ ቀስ ብላችሁ እዩ። ቋሚውን በጣታችሁ ነካ ነካ አድርጉት፤ ምስጥ የበላው እንጨት ከላይ ደህና መስሎ ውስጡ ባዶ ነው። ውኃው ከጣሪያው ይሁን ከጎረቤት ግቢ ለዩ። በከተማችን በመርካቶና በሂርማታ ሰፈሮች አንድ ግድግዳ የሚጋሩ ቤቶች ስላሉ፣ አንዱ ሲያድስ ሌላው ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ የጎረቤቱንም በር አንኳኩ። የጋራ ሽንት ቤት ካለ ቁልፉን ማን እንደያዘ ጠይቁ። ማኅደሩ «አንድ ክፍል ከጋራ ሽንት ቤት ጋር» ብሎ ያልፋል፤ ጎረቤት የሚጣላው ግን በዚያ ቁልፍ ነው።

ማኅደሩም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የድሮው በአማርኛ የእጅ ጽሕፈት፣ የኋላው በቁቤ፣ ማለት በላቲን ፊደል በሚጻፍ ኦሮምኛ፣ ስለሆነ የአንድ ሰው ስም በሁለት ዓይነት አጻጻፍ ይገኛል። በዚህ ሰበብ ብቻ «ተከራዩ ሌላ ነው» የተባለበት ሰው አይቻለሁ፤ መብቱን ለማስመለስ ብዙ ተንገላቷል። የቤት ቁጥሩን፣ የቀድሞውን ውልና የኪራይ ደረሰኞቹን አቀራርባችሁ እዩ። የእጅ ጽሕፈቱን ማንበብ ካቃታችሁ በዕድሜ የገፋ ባልደረባ ጠይቁ እንጂ አትገምቱ።

ተከራይ ሲሞት ከሁሉ ይከብዳል። የቀበሌ ቤት ርስት አይደለም፤ ሆኖም አብሮ የኖረ፣ የታመመውን ያስታመመ ሰው እዚያው አለ፤ ከሩቅ የመጣ ዘመድም አለ። መመሪያው የሚለውን ሥሩ፤ ከዚያ በፊት ግን ማን እዚያ ይኖር እንደነበር ከሰፈሩ ሰው አጣሩ፤ የጠየቃችሁትን ሁሉ ጽፋችሁ ከማኅደሩ ጋር አያይዙ። ሐዘን ላይ ያለን ሰው ደግሞ በመስኮት አታናግሩት። ወንበር ስጡት።

ስለ ሊዝና ስለ ኮንዶሚኒየም ብዙ አልልም። የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 በእጃችሁ ነው፤ አንቀጾቹን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።

ጅማ ትልቅ ከተማ ብትሆንም እንተዋወቃለን። አጎትም፣ የሰፈር ሽማግሌም፣ የትምህርት ቤት ጓደኛም ቡና ጋብዞ ጉዳዩን ያነሣል። ቡናውን ጠጡ፤ ሰው አታስቀይሙ። ስለ ቤቱ ግን «ማመልከቻዎን በመዝገብ ቤት በኩል ያስገቡ፤ ቀጠሮ ተይዞ ቤቱን መጥቼ አያለሁ» በሉት። ለማታውቁት ሰው የምትመልሱትም ይኸው ይሁን። በቀጠሮው ቀን ዝናብ ቢጥል አትቅሩ፤ ቤቱ የት እንደሚያፈስ የሚታየው ያን ቀን ነው።