ሴንሰሩ ሁለት ነው፤ ከመግዛትህ በፊት ለካ

ወንድሜ፣ «አሮጌ መኪናዬ ከሞቀች በኋላ አልነሳም ትላለች፣ ጥቁር ጭስ ታወጣለች፣ ነዳጅ ትጠጣለች፤ የሙቀት ሴንሰሩ ነው አሉኝ፤ ራሴ ልቀይረው እችላለሁ?» ላልከው፣ በደንብ ትችላለህ። የኔም ልክ እንዲህ ነበር ያደረጋት።

1. የትኛውን እንደምትቀይር እወቅ። ብዙ አሮጌ መኪኖች ላይ ሁለት ሴንሰር አለ። ባለ አንድ ሽቦው ዳሽቦርድ ላይ ላለው የሙቀት ጌጅ ብቻ ነው የሚሠራው። ባለ ሁለት ሽቦው ግን ለሞተሩ ኮምፒውተር ነው። ያንተ ጣጣ ያለው እሱ ላይ ነው። እኔን ያቃጠሉኝ እዚህ ጋ ነው። መካኒኩ ኮፈኑን እንደከፈተ «ካንዴላ ነው» አለ፣ ተቀየረ። ቀጥሎ «ኢንጀክተሩ ይታጠብ» አለ፣ ታጠበ። ጭሱ እንዳለ ነው። «ሴንሰሩስ?» ስለው ጌጁን በጣቱ እያሳየ «መሃል ላይ መቆሙን አታይም? ከኔ በላይ ታውቃለህ?» ብሎ ሰው አሳቀብኝ። ስጨቀጭቀው ጊዜ ቀየረልኝ፤ የጌጁን! ብሩን መልስ ስለው ደግሞ «አንተ ነህ ቀይር ያልከው» አለኝ። እንዲህ ያለ ድፍረት!

2. መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ተዋስ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲያድር ሶኬቱን ነቅለህ በሴንሰሩ ሁለት ፒኖች መሃል ያለውን ኦም (ኤሌክትሪክን የመቋቋም መጠን) ለካ። በብዙዎቹ 20 ዲግሪ አካባቢ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም ያሳያል፤ 80 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 300 ገደማ ይወርዳል። ሲሞቅ ቁጥሩ መቀነስ አለበት። የኔው ሞተሩ ግሎም ከሺህ በታች አልወርድ አለ። ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ መስሎት ነዳጅ ይጨምራላ! ጭሱም ከዚያ ነው የሚመጣው። ሶኬቱ ውስጥ አረንጓዴ ዝገት ካየህ ግን መጀመሪያ እሱን አጽዳ፤ ሴንሰሩ ጤነኛ ሊሆን ይችላል።

መካኒኩ አቅቶት ያሾፈብኝን ሥራ እኔ በአንድ ቁልፍ ጨረስኩት። ትኩስ ሞተር ላይ ብቻ እንዳትሞክረው፤ የፈላው ውሃ ፊትህ ላይ ነው የሚመጣው። አዲሱን በእጅህ ይዘህ አሮጌውን ፈትተህ ቶሎ ተካው፣ የሚፈሰው ትንሽ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ነው። የመዳብ ዋሸሩን አዲስ አድርግ። በጉልበት አታጥብቀው፤ የሚገባበት ብረት ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ስለሆነ ጥርሱ ቶሎ ይበላል። የጎደለውን ኩላንት ሙላና አየሩን አስወጣ። ሴንሰሩ ጋ አየር ከቀረ አዲሱም ይዋሻል።

አሮጌው ሴንሰር ሲለካ ደህና ሆኖ ካገኘኸው ቴርሞስታቱን፣ ማለትም የኩላንቱን መንገድ እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋውን፣ እይ። ተከፍቶ ከቀረ ሞተሩ እውነትም አይሞቅም፤ ያኔ ሴንሰሩ ምን አጠፋ? የመኪናህን ሞዴልና ዓመት ጻፍልኝ፣ የቴስታታውንም (የሞተሩን የላይኛውን ክፍል) ፎቶ ጨምር፤ ባለ ሁለት ሽቦው የቱ እንደሆነ አሳይሃለሁ።