ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ ጉማሬ እንዴት ይቆጠራል?

«ጉማሬ ቀኑን ሙሉ ወንዝ ውስጥ ተነክሮ እየዋለ ቁጥሩን እንዴት ያውቁታል?» ላልከው፣ እውነት ለመናገር አስቸጋሪ ሥራ ነው። ግን መላ አለው።

ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው ቀን ነው። ማታ ሣር ሊግጥ ወጥቶ ይበታተናል፤ ቀን ግን በመንጋ ሆኖ አንድ ቦታ ይተኛል። የሚመረጠው ወቅት ደግሞ በጋ ነው። ወንዙ ሲጎድል መደበቂያ ያጣሉ፤ ውሃ በቀረበት ቦታ ይሰበሰባሉ።

ትልቁ ራስ ምታት መጥለቁ ነው። አዋቂ ጉማሬ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ጠልቆ ይቆያል። ዳር ላይ ቁጭ ብለህ አስበው። መጀመሪያ 7 ጥንድ ጆሮ ታያለህ። አንዱ ፉፍ ብሎ ውሃ እየረጨ ብቅ ይላል፤ 8 ሆኑ። ልትጽፍ ስታጎነብስ ሦስቱ የሉም። ለዚህ ነው ደጋግመው ቆጥረው ከፍተኛውን ቁጥር የሚይዙት። እሱም ቢሆን ከእውነተኛው ሊያንስ ይችላል፤ ግልገል በእናቱ ይጋረዳል።

ወንዙ ረጅም ከሆነ በጀልባ ወይም በትንሽ አውሮፕላን ይኬዳል። ጀልባውን እኔ ብዙም አልወደውም፤ እንስሳቱ ደንግጠው ይጠልቃሉ፣ አደጋውም ቀላል አይደለም። አሁን ድሮን መጥቶ ገላግሏል። ፎቶው ላይ ተረጋግቶ መቁጠር፣ የሰውነት ርዝመት ለክቶም ዕድሜ መገመት ይቻላል።

በነገራችን ላይ፣ የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በመላው አፍሪካ ያሉትን ከ115,000 እስከ 130,000 ገምቷቸዋል። በመካከል 15,000 ጉማሬ ለምን እንደሚዋልል አሁን ሳይገባህ አይቀርም።