«እናትሽ ታውቃለች?»

መጽሐፍ ለምትወዱ ልጆቼ፣

ባለፈው ወር ከመጽሐፍ ውይይታችን በኋላ ወንበር ስናጣጥፍ አንዲት ወጣት ሌሎቹ እስኪወጡ ጠብቃ ጠጋ አለችኝ። «ሴትና ሴት የሚፋቀሩባቸውን ልቦለዶች አነባለሁ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ከመጽሐፍ ሁሉ የሚያስለቅሱኝ እነሱ ናቸው። እኔ ደግሞ እጮኛ ያለኝ ሰው ነኝ። ይህ ስለ እኔ ምን ይናገራል? ለእሱስ ልንገረው ወይስ አልንገረው?» ሠላሳ አንድ ዓመት በቤተ መጻሕፍት ያገለገልኩ ሴት ለዚህ ጥያቄ መልስ ላጣ አይገባም ነበር። «አስቤበት እነግርሻለሁ» ብያት ወንበሬን ማጣጠፍ ቀጠልኩ። ቤት ገብቼ ሻይ ስጥድ ግን ያሰብኩት ስለ እሷ አልነበረም።

ያሰብኩት በ2005 ስለገጠመችኝ ሌላ ልጅ ነው። (ዓመቱን በምኖርበት አገር አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ከዋሽንግተን ወጣ ብሎ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እሠራ ነበር። ሰፈሩ የእኛ ሰው የበዛበት፣ እንጀራ ከቤንዚን ማደያው ሱቅ የሚገዛበት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ሰልፉ እስከ ጋዜጣ መደርደሪያው ደርሷል። ተበዳሪው ራሱ የሚያስመዘግብበት ማሽን ያኔ እኛ ቅርንጫፍ አልደረሰም፤ እያንዳንዱ መጽሐፍ በእጃችን ያልፋል። ባር ኮዱን በማንበቢያው እንነካለን፣ ጢጥ ይላል፣ የመመለሻውን ቀን ማኅተም እንመታለን፣ «መልካም ንባብ»፣ ቀጣይ።

ልጅቷ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። እናቷና እኔ አንድ ዕቁብ ውስጥ ነን፤ ክርስትናዋን በልቻለሁ። አምስት መጽሐፍ አስቀመጠችልኝ። ከላይ ኬሚስትሪ፣ ቀጥሎ የሒሳብ ፈተና ማለማመጃ፣ ከዚያ ወፍራም የታሪክ መጽሐፍ። አራተኛው ግን ፊቱ ወደ ታች ተደፍቶ፣ ጀርባው ወደ እሷ ዞሮ ነበር። መጽሐፍ የሚደብቅ ሰው ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ከመጨረሻው አንድ ቀደም አድርጎ ያስገባዋል፣ መጨረሻ ላይ አያኖረውም። ስለ ፍቺ ሕግ የሚያነቡ ባሎች፣ ጡታቸው ላይ እብጠት ያገኙ ሴቶች፣ አንድ ጊዜም ማንበብ ለመማር የመጡ አንድ ሽማግሌ እንደዚሁ ሲያደርጉ አይቻለሁ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የእኛ ሙያ አይቶ እንዳላየ መሆን ነው። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብ የአንባቢን ምስጢር ጠብቁ ይላል፤ ለማስተርስ ፈተና በቃሌ አጥንቼዋለሁ። ሕንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ራንጋናታን በ1931 ያወጣቸውን አምስት ሕጎችም እንደ ውዳሴ ማርያም እደግማቸው ነበር፤ ለእያንዳንዱ አንባቢ መጽሐፉ፣ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንባቢው።

መጽሐፉን ገለበጥኩት። የጀርባውን ጽሑፍ አነበብኩ፤ ሰልፉ ቆሞ እየጠበቀ፣ ከላይ እስከ ታች። ከዚያ ወደ እሷ ጎንበስ ብዬ፣ ጎኔ ያለችው ባልደረባዬ እንዳትሰማ ይመስል፣ በአማርኛ «እናትሽ ታውቃለች?» አልኳት።

እጇ ጠረጴዛው ላይ እንደተዘረጋ ቀረ። «የክፍል ሥራ ነው» አለች በእንግሊዝኛ። አራቱን መጽሐፍ በደረቷ አቅፋ፣ ያንን አንዱን እኔው ፊት ትታ ሄደች። የመስታወቱ በር ራሱ ተከፈተላት፣ ራሱ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ወደዚያ ቤተ መጻሕፍት መጥታ አላየኋትም።

ይህን ነገር ስንት ጊዜ እንዳመነዠክሁት አልነግራችሁም። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፤ በእንግሊዝኛ ቢሆን ኖሮ አልጠይቃትም ነበር። በእንግሊዝኛ እኔ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነበርኩ። አማርኛ አፌ ውስጥ እንደገባ ሙያዬን እንደ ካፖርት አውልቄ የሰፈር እትዬ ሆንኩ። የሰፈር እትዬ መሆን ክፉ ነው እያልኩ አይደለም፤ እኔንም ያሳደጉኝ እንዲህ ያሉ ሴቶች ናቸው፤ የተበጠሰ ጫማዬን ያሰፉልኝ፣ ከትምህርት ቤት ስቀር ለአባቴ ያሳበቁብኝም እነሱ ናቸው። ግን ያን ቀን ጠረጴዛው ኋላ የተቀመጥኩት እንደ እነሱ እንድሆን ደመወዝ እየተከፈለኝ አልነበረም።

ለእናቷ አልተናገርኩም። ከወር በኋላ ቡና ስንጠጣ እናቷ «ይህች ልጅ ቤተ መጻሕፍት መሄድ ተወች፤ ማን አስቀየማት?» ስትል «የፈተና ሰሞን አይደል?» ብዬ ስኒዬን አቀበልኩ። ይህንንም ለብዙ ዓመት እንደ ደግነት ቆጥሬው ኖሬያለሁ።

መጽሐፉን ያን ማታ ቤቴ ይዤው ሄድኩ። በ1952 በአሜሪካ የታተመው «ዘ ፕራይስ ኦቭ ሶልት» ነው፤ የጨው ዋጋ ማለት ነው። በአሞሌ ስንገበያይ ለኖርን ሕዝብ ደህና ርዕስ ነው አልኩ። ጸሐፊዋ ፓትሪሺያ ሃይስሚዝ ናት፤ መጀመሪያ ያሳተመችው ግን ክሌር ሞርጋን በሚል የብዕር ስም ነበር፤ በራሷ ስም የወጣው በ1990 ነው። በገና ሰሞን የአሻንጉሊት ክፍል ውስጥ የምትሠራ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅና ለሴት ልጇ አሻንጉሊት ልትገዛ የመጣች ባለትዳር ሴት ይተያያሉ። መጀመሪያ ላይ በባለትዳሯ በጣም ተናደድኩባት። እኔም እናት ነኝ፤ ልጅሽን ምን ልታደርጊያት ነው እያልኩ ብቻዬን ወጥ ቤት ውስጥ ጮህኩባት። ቀጥዬ ባሏ መርማሪ ቀጥሮ እንደሚያስከትላቸው፣ ንግግራቸውን እንደሚያስቀዳ፣ ያንንም ልጅቷን ሊወስድባት እንደሚጠቀምበት የሚያወራው ክፍል ላይ ደረስኩ። መጽሐፉን ዘጋሁት። በዚያ ታሪክ ውስጥ ራሴን ያገኘሁት በፍቅረኞቹም በእናቲቱም አልነበረም፤ በመርማሪው ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣ። እኔ ስለ ፍቅር መጀመሪያ የተማርኩት እንደ እኩዮቼ ሁሉ ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። በክፍላችን ስትዞር የነበረችው ቅጂ የመጨረሻ ገጾቿ ተገንጥለው ነበር። ስለዚህ እኔና ጓደኛዬ ሰብለና በዛብህን ራሳችን ዳርናቸው፤ ሠርጋቸውን ደገስን፣ ልጆቻቸውን ስም አወጣን። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው እውነተኛውን መጨረሻ ሰማን። ጓደኛዬ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። ርዕሱ ላይ ተጽፎልን አልነበር? ግን ያኔ ያደረብኝ ሐሳብ ሳልጠይቀው አብሮኝ ኖረ፤ እውነተኛ ፍቅር መጨረሻው መቃብር ነው፣ ደስ ብሎት የሚኖር ፍቅር ደግሞ ቀልድ ነው የሚል።

በኋላ ሴትና ሴት ስለሚፋቀሩባቸው ልቦለዶች ሳነብ ያው ሐሳብ በሌላ መልክ ጠበቀኝ። በዚያው በ1952 ሜሪጄን ሚከር «ስፕሪንግ ፋየር» የሚል በርካሽ ሽፋን የሚሸጥ መጽሐፍ ጻፈች፤ የሚፋቀሩት ሁለት ተማሪዎች ናቸው። አሳታሚዋ መጨረሻው ደስታ እንዳይሆን አስጠነቀቃት። ምክንያቱ የፖስታ ቤት ነው፤ መጽሐፎቹ በፖስታ ስለሚላኩ፣ ፍቅሩን የሚያሞግስ መስሎ ከታየ ጭነቱ በሙሉ ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ አንዷ አበደች። እኔ የሥነ ጽሑፍ ጥልቀት ነው ብዬ የማከብረው ኀዘን አንዳንዴ የፖስታ ቤት ደንብ መሆኑን ሳውቅ ሥቄም አልቅሼም ነበር። ለሃይስሚዝ የአንባቢ ደብዳቤ የጎረፈላትም የእሷ ሁለት ሴቶች ስላልሞቱና ስላላበዱ ነው።

ባለፈው ወር የጠየቀችኝ ልጅ ግን ከሁሉ የምትወደው ምናባዊውን ነው፤ ንግሥት፣ አስማት፣ ዘንዶ። ለእኔ ብዙም አይሆነኝም። ክረምት ላይ የሳማንታ ሻነንን «ዘ ፕራዮሪ ኦቭ ዚ ኦሬንጅ ትሪ» አዋሰችኝ፤ በ2019 የወጣ፣ ከ800 ገጽ የሚበልጥ ነው። ተኝቼ ሳነብ ፊቴ ላይ ወድቆ መነጽሬን አጣመመብኝ። የሰውና የአገር ስሙ ብዛት ስላደናገረኝ እንደ ዕቁብ ጸሐፊ በወረቀት እየመዘገብኩ ነው የዘለቅሁት። አንድ ቦታ ላይ ግን ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። ታሪኩ ከቅዱስ ጊዮርጊስና ከዘንዶው ትውፊት የተቀዳ ነው፤ በአንደኛው አገር ዘንዶውን ያሸነፈው ፈረሰኛው ነው ተብሎ ይታመናል፤ ሌሎቹ ግን የለም፣ ከብርቱካኑ ዛፍ ፍሬ በልታ ያሸነፈችው ልዕልቲቱ ናት ይላሉ። ግድግዳዬ ላይ የእኛ ጊዮርጊስ አለ፣ በነጭ ፈረሱ። ከዘንዶው ያዳናት ብሩታዊትም እንደ ልማዷ ዛፉ ላይ ወጥታ፣ ግንዱን ይዛ ቁልቁል ታያለች። አርባ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ያለፍኳት ልጅ ናት፤ እዚያ ላይ ሆና ምን እንደምታስብ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። (ንስሐ አባቴ ይህን ካነበቡ፣ ሃይማኖቴ እንዳለ ነው፤ ሥዕሉን ደግሜ ማየቴ ብቻ ነው።)

በዚያ መጽሐፍ ዓለም ንግሥቲቱና በድብቅ የምትጠብቃት ሴት መፋቀራቸው ሴቶች በመሆናቸው ማንንም አያስደነግጥም። ጭንቁ የሃይማኖታቸው መለያየትና ንግሥቲቱ ወራሽ ሴት ልጅ መውለድ አለባት መባሉ ነው። መጀመሪያ ይህ አልጣመኝም፤ ዋጋ የማይከፈልበት ፍቅር ጨው ያልገባበት ወጥ መሰለኝ። ለልጅቷ ይህንኑ ስነግራት «እትዬ፣ ጨው ሁልጊዜ ከእኛ ዕንባ ብቻ ነው እንዴ የሚወጣው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁንም ቢሆን ዘንዶው በዝቷል ባይ ነኝ።

እናንተ የዛሬ ልጆች መጽሐፍ ትቆጥራላችሁ። በዓመት መቶ አነበብኩ የሚል ወጣት ሲገጥመኝ የስንቱን ሰው ስም ታስታውሳለህ ልለው እፈልጋለሁ። መጽሐፉን ሳትጀምሩ «ከጠላትነት ወደ ፍቅር ነው? ቀስ ብሎ ነው የሚቀጣጠለው? መጨረሻቸው ያምራል?» ትላላችሁ። ሠርጉ ሳይገባ ስለ መልሱ መጠየቅ! መጽሐፍ የሚነበበው መጨረሻው ሳይታወቅ ነው ብዬ ስከራከር ኖሬያለሁ። ብዙ አንብቡ፣ ስልካችሁን አርቁ የሚለውን ደግሞ ከሌላ ሰው ስሙት፤ እኔም ስልኬን አጠገቤ አድርጌ ነው የምተኛው።

ለጠየቅሽኝ ልጅ መልሴ ይኸው። ዕንባሽ ስለ አንቺ ምን እንደሚናገር አላውቅም። ምናልባት አንድ ነገር ይናገራል፣ ምናልባት ምንም። እኔ እነዚህን መጻሕፍት አንብቤ ያለቀስኩት ለፍቅረኞቹ መስሎኝ ነበር፤ ሳስበው ግን በመስታወቱ በር ለወጣችው ልጅ ነው። ቤተ ክርስቲያኔ የምታስተምረውን አውቃለሁ፤ በአገራችን ሕጉ የሚለውንም አውቃለሁ፤ በዚያ ላይ ልከራከርሽ አልተነሣሁም። ለእጮኛሽ ልንገረው ወይስ አልንገረው ያልሽውን ግን ለእኔም መንገር አልነበረብሽም፤ ማንም መጽሐፍ ተበዳሪ ለጠረጴዛው ሰው ምክንያት አያቀርብም። ስትነግሪኝ ደስ ማለቱን ግን አልክድም።

የዚያች የ2005ቷ ልጅ እናት ያረፈችው ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። ለቅሶው ቤት ከቤተ ክርስቲያን አዳራሽ በመጣ ወንበር ተሞልቶ ነበር። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ስኒ አጥባለሁ። ልጅቷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባችና በሩን ገፋ አደረገችው። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አማርኛዋ ተሰባብሯል፣ «እርስዎ»ን ግን አልረሳችም።

«እትዬ፣ ያን ጊዜ ለእማዬ ነግረዋት ነበር?»

«አልነገርኳትም» አልኩ። «ለማንም አልተናገርኩም።»

ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ማጠቢያው ላይ እጇን ደግፋ ቆየች። «እኔ የምታውቅ ይመስለኝ ነበር» አለች። «ያን ሁሉ ዓመት። እያወቀች ዝም ያለችኝ፣ እያወቀች ምሳ የምትቋጥርልኝ ይመስለኝ ነበር።»

ውሃው እየፈሰሰ ነበር። ምን እንደሰጠኋት፣ ምን እንደወሰድኩባት እስከ ዛሬ አልለየሁትም። የምለው ባጣ «መጽሐፉን በኋላ አነበብሽው?» አልኳት።

«አላነበብኩትም። እርስዎስ?»

«ያን ማታውኑ።»

«መጨረሻው ምንድን ነው?»

«ሁለቱም በሕይወት አሉ» አልኳት። ፎጣ አነሣችና ያጠብኳቸውን ስኒዎች አንድ በአንድ ማድረቅ ጀመረች።