እግር ሲደነዝዝ፣ ትኩረትም ሲከዳ

ጥያቄ፦ አባቴ 72 ዓመታቸው ነው። ስኳር ካለባቸው ቆይቷል፤ እግራቸውም ደንዝዟል። በቅርቡ መርሳት ጀምረዋል። እየተራመዱ ሳነጋግራቸው ቆም ይላሉ ወይም ይንገዳገዳሉ። ሁለቱ ይገናኛሉ?

መልስ፦ አዎ፣ በጣም ይገናኛሉ። ስኳር የእግርን ነርቭ ሲጎዳ የሚጠፋው የሕመም ስሜት ብቻ አይደለም። እግር የት እንዳረፈና መሬቱ ወጣ ገባ መሆኑን ለአንጎል የሚያደርሰው መልእክትም ይዳከማል። ስለዚህ ሌላው ሰው ሳያስበው የሚራመደውን እርምጃ አባትዎ በዓይናቸውና በሐሳባቸው እየጠበቁ ነው የሚራመዱት። ትኩረት ሲደክም ይህ ድጋፍ ይላላል። ጥያቄ ሲቀርብላቸው ሐሳባቸው ወደ መልሱ ይሄድና እርምጃቸው ያጥራል፣ ይዛባል። በተለይ ሲዞሩና በጨለማ ሲሄዱ ይብሳል።

«እርጅና ነው» ብለው አይተዉት፤ ሊስተካከሉ የሚችሉ ምክንያቶች አሉ። ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት ለዓመታት ከወሰዱ የቫይታሚን ቢ 12 መጠናቸው ይመርመር፤ እጥረቱ ነርቭንም ማስታወስንም ይጎዳል። ስኳርን ከልክ በላይ ሊያወርዱ የሚችሉትን ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የተባለውን እንክብል የሚወስዱ ከሆነ በተንገዳገዱበት ሰዓት ስኳራቸውን ይለኩ፤ ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ ወዲያው ጣፋጭ ነገር ይስጧቸው፣ ለሐኪማቸውም ይንገሩ። ለሚረሳ አዛውንት ስኳርን በጣም ዝቅ ለማድረግ መጣጣር ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል። ለእግር ማቃጠል የሚታዘዙት አሚትሪፕቲሊን፣ ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊንም ያፈዛሉ፣ ያዞራሉ፤ ግን በራስዎ አያቋርጧቸው። የደም ግፊታቸውም ተኝተው፣ ከዚያ በቆሙ በ3 ደቂቃ ውስጥ ይለካ፤ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከቀነሰ ሲነሱ የሚያዞራቸው እሱ ሊሆን ይችላል።

ቤት ውስጥ ይህን ይሞክሩ፤ አጠገባቸው ሆነው። ከወንበር ተነስተው 3 ሜትር ተራምደው፣ ዞረው፣ ተመልሰው ይቀመጡ፤ ሰዓት ይያዙ። 12 ሴኮንድ ወይም ከዚያ በላይ ከፈጀባቸው የመውደቅ አደጋ አለ። ቀጥሎ ከ100 ጀምሮ በ3 በ3 ወደ ታች እየቆጠሩ ይድገሙት። በጣም ከዘገዩ ወይም ቆጠራውን ከተዉ፣ ሁለቱንም ውጤት ጽፈው ለሐኪም ያሳዩ።

ከኋላ አይጥሯቸው። መጀመሪያ ይቁሙ፣ ከዚያ ያናግሯቸው። እየሄዱ ዕቃ አያሲዟቸው፤ ትእዛዝም አንድ በአንድ ይሁን። ከአልጋ እስከ መጸዳጃ ቤት ሌሊቱን መብራት ይኑር። ነጠላ ጫማ ይቅር፤ ተረከዝ የሚይዝ፣ ሶሉ የማይንሸራተት ጫማ ያድርጉ፣ ውስጡም ሳይፈተሽ አይጫሙት። እግራቸውን በየቀኑ እርስዎ ይዩላቸው፤ ቁስሉ አይሰማቸውም፣ ማየቱንም ይረሱታል። የሚዛን ልምምድ በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ቢጀምሩ ይጠቅማቸዋል።

መርሳቱ ወይም መንገዳገዱ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ድንገት ከባሰ፣ አፋቸው ከተጣመመ ወይም አንድ ጎናቸው ከዛለ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።