ቁጥሩ ሲወርድ ደስ ያለኝ ቀን

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት አንዲት አዲስ ተቀጣሪ “የላብራቶሪ ውጤቱ ደህና ከሆነ ዘይቱን ማሽተት ለምን ያስፈልጋል?” ብላ ጠየቀችኝ። አጭር መልስ ሰጠኋት፤ ሄደች። እኔ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። እሷ ጠየቀች። እኔ በእሷ ዕድሜ ሳለሁ አልጠየቅኩም።

ያኔ የወይራ ዘይት ማከማቻ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ሙቀቱ ሊገባ ሲል የአንዱ ታንክ ግማሽ ተሸጠ። ባዶ የቀረው ቦታ አየር እንዳይዝ በናይትሮጅን መሞላት ነበረበት። ናይትሮጅኑ አልቋል። “በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል” አልኩ። ሳምንቱ ሦስት ወር ሆነ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የታንኩ ግድግዳ በእጅ ሲነካ ይሞቅ ነበር።

ታንኮቹን የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ላብራቶሪ ገብተው አያውቁም። ትንሽ ዘይት በብርጭቆ ይቀዱና አፉን በአንድ መዳፋቸው ከድነው፣ ታቹን በሌላው አቅፈው ዝም ብለው ይቆማሉ። ሲሞቅላቸው መዳፋቸውን ገለጥ አድርገው ያሸታሉ። የሠለጠኑ ቀማሾችም እንዲሁ እንደሚያደርጉ ያወቅኩት ኋላ ነው። ዘይቱን 28 ዲግሪ ገደማ ያሞቁታል። ቀለሙ እንዳያታልላቸውም ብርጭቆው ጠቆር ያለ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ።

“ልጄ፣ ይሄ ዘይት ደክሟል” አሉኝ። “ያረጀ ለውዝ ይሸታል።”

ለካሁት። ዘይት መበላሸት ሲጀምር የሚጨምረው ቁጥር፣ ፐሮክሳይዱ፣ ሙቀቱ ሳይገባ 18 ነበር፤ አሁን 13 ሆኗል። የኤክስትራ ቨርጅን፣ የምርጡ ደረጃ የወይራ ዘይት፣ ከፍተኛ ገደቡ 20 ነው። ደስ አለኝ። ወረቀቱን ይዤ ሄድኩና ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ “አባባ፣ ቁጥሩ እኮ ተሻሽሏል! ያረጀውስ አፍንጫዎ ነው” አልኳቸው። ምንም አልመለሱልኝም። ብርጭቆውን በጨርቅ ወልውለው መደርደሪያው ላይ አስቀመጡት።

ዘይት ከጊዜ ጋር አይሻሻልም። ፐሮክሳይድ፣ ኦክስጅን ዘይቱን ሲያገኘው መጀመሪያ የሚፈጠረው ነገር ነው። እየጨመረ ይሄድና ደግሞ ይፈርሳል። ያ መጥፎ ሽታ የሚመጣው ሲፈርስ ነው። የእኔ 13 እንግዲህ የመዳን ሳይሆን ያለፈበት ዘይት ቁጥር ነበር። ፐሮክሳይዱ ሲፈርስ የሚተወውን የሚያሳይ ኬ 270 የሚባል ልኬት አለ፤ እሱን ብለካ ይነግረኝ ነበር። መሣሪያው በሌላ ሥራ ተይዟል፤ ተራዬን አልጠበቅኩም። ፈረምኩ።

ገዢው ለቀማሾች ሰጠው። በአውሮፓ ሕግ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቅምሻም መመዘኛ ነው፤ ጉድለት የተገኘበት ዘይት ቁጥሩ ቢያምርም ኤክስትራ ቨርጅን አይባልም። ዘይቱ ተመለሰ። ሽማግሌው ግን ከዚያ በፊት ጡረታ ወጥተው ነበር። አፈላልጌ ላገኛቸው እችል ነበር። አፈርኩ።

ዘይትን ከሙቀት አርቁ፣ ክዳኑን ግጠሙ አልላችሁም፤ ይህን ታውቃላችሁ። ብርሃኑን ግን የምታውቁት አይመስለኝም። የዘንድሮ ልጆች ዘይቱን በነጭ ጠርሙስ መስኮት ላይ አቁማችሁ ፎቶ ታነሳላችሁ። አረንጓዴው ያምራል፣ እውነት ነው። ያ አረንጓዴ ክሎሮፊል ነው። ጨለማ ውስጥ ዘይቱን አይጎዳም። ብርሃን ሲያርፍበት ግን ኦክስጅኑን ቀስቅሶ ዘይቱ ላይ ይለቅበታል። ፎቶውን አንሱ፤ ከዚያ ጠርሙሱን ቁም ሳጥን ውስጥ መልሱት።

ዝቃጩንም አትርሱ። ያልተጣራ ዘይት ታች የሚጥለው ውሃና የፍሬው ቅሪት ነው፤ ከቆየ ይብላላና ሽታውን ወደ ላይ ይሰድዳል። ሽማግሌው የታንኩን የታች ቧንቧ ማንም ሳያዛቸው ይከፍቱት ነበር። የሚወርደው ጥቁር ቡናማ ሆኖ ይጀምርና እየጠራ፣ እየጠራ ይሄዳል። የጠራው ሲመጣ ይዘጉታል። ሰዓት ሲያዩ አይቻቸው አላውቅም።

ቁጥር ናቁ ማለቴ አይደለም። ሳይለካ የሚፈርም ሰው አላምንም። ግን ቁጥሩና አፍንጫዬ ሲጣሉ፣ ዛሬም የማዳላው ለአፍንጫዬ ነው።

ሰኞ ጠዋት ለዚያች ልጅ ብርጭቆ ሰጠኋት። በሁለት እጇ ያዘችው።

“እስከ መቼ ልያዘው?” አለችኝ።

“እስኪሞቅልሽ” አልኳት።